ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ስትገቡ ጥንዚዛዎቹን እዩልኝ

ኒው ዮርክ ያላችሁም ሆናችሁ ለጉብኝት የምትመጡ፣ አምስተኛው ጎዳና ላይ ያለውን ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እንዳታልፉት። የግብፅ ክፍል የገባ ሁሉ ከግብፅ መጥቶ እዚያው ወደ ቆመው የደንዱር ቤተ መቅደስ ነው የሚጣደፈው፤ እሱም ያምራል። እኔ ግን አደራ የምላችሁ ጥፍር የሚያካክሉትን የነገሥታት ስም ያለባቸውን፣ በጥንዚዛ ቅርጽ የተሠሩትን የጥንት ግብፃውያን ክታቦች ነው።

ሙያዬ አንጥረኝነት ስለሆነ መጀመሪያ ያየሁት ቀዳዳቸውን ነው። ከራስ እስከ ጅራት፣ ክር ወይም የቀለበት ሽቦ እንዲያልፍበት ተበስተዋል። እኔ በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ እንኳ እንዲህ ያለ ረጅም ቀዳዳ ስበሳ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ነው። ብዙዎቹ የተሠሩት ስቲያታይት ከሚባል ለስላሳ ድንጋይ ነው። ተቀርጾ፣ ብርጭቆ መሰል ሽፋን ተቀብቶ እሳት ሲገባ ይጠነክራል። ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ሽፋኑ ከጀርባው ላይ ለቆ፣ እግሮቹ መካከል ባሉት ጭረቶች ውስጥ ብቻ አረንጓዴው የቀረ አለ።

ጀርባው ፋንድያ የምታንከባልለዋ ጥንዚዛ ናት፤ ግብፃውያን ፀሐይን የሚያወጣው አምላክ ኬፕሪ ምልክት አድርገዋታል። ሆዱ ደግሞ ማኅተም ነው።

ከሁሉ ልቤን የነካኝ ጥንታዊቷን ግብፅ የገዛችው የንግሥት ሐትሼፕሱት ነው። በ1926-27 እ.ኤ.አ. የሙዚየሙ ቆፋሪዎች ዴይር ኤል ባሕሪ ባለው ቤተ መቅደሷ ከመሠረት ጉድጓዶች 299 የጥንዚዛ ክታቦችና ማኅተሞች አግኝተዋል። እሷ ከሞተች በኋላ የእንጀራ ልጇ ንጉሥ ሦስተኛው ቱትሞስ ስሟን ከግድግዳ አስፍቆ፣ ሐውልቶቿን አሰባብሯል። መሠረት ውስጥ የተቀበሩትን ግን እጅ አልደረሰባቸውም። «ማዓትካሬ» የሚለው የዙፋን ስሟ ጥርት ብሎ ይታያል። ብዙ ሊቃውንት ወደ ቀይ ባሕር ደቡብ፣ ወደ እኛ አካባቢ የሚያስጠጉት ፑንት ድረስ መርከብ ልካ ዕጣን ያስመጣችው ይህችው ንግሥት ናት።

ከእሷ በኋላ የነገሠው የሦስተኛው አሜንሆቴፕ ጥንዚዛዎች ተለቅ ይላሉ፤ እንደ አዋጅ የተበተኑ ናቸው። ሙዚየሙ ካሉት አንዱ ንጉሡ በነገሠ በ11ኛው ዓመት ለሚስቱ ለቲይ ያስቆፈረላትን ሐይቅ ይናገራል፤ ርዝመቱ 3,700፣ ወርዱ 700 ክንድ።

ረቡዕ ዝግ ነው። ዓርብና ቅዳሜ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ስለሚከፈት ከሥራ በኋላም ይደረሳል። የኒው ዮርክ ግዛት ነዋሪ የአቅሙን ይከፍላል፤ መታወቂያ ያዙ። ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጹን ክፈቱ፤ መስታወት ውስጥ ሆኖ አንዱ ጎኑ ብቻ የሚታየውን ክታብ እዚያ ጀርባውንም ሆዱንም አጉልታችሁ በነፃ ታዩታላችሁ።