ባለቤቴ እስኪመጣ ከጎናችን ላልተለየችው ሴት

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን የምጽፈው በተለይ የትዳር አጋሩን ለማምጣት ፕሮሰስ ጀምሮ መጠበቅ ላደከመው ሰው ነው።

ባለቤቴ በነሐሴ ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን። ከፈጣሪ ቀጥሎ የማመሰግናት አንዲት ሴት አለች። ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፍም። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባለ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ትሠራለች። ሎየር አይደለችም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ የሰጣት ተወካይ ናት። እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ መኖሩን ብዙ ወገኖቻችን አያውቁም። እኔም ያወቅኩት የሥራ ባልደረባዬ ነግራኝ ነው። ስለዚህ ምስጋናውንም ጥቆማውንም አንድ ላይ ልጻፈው።

የተጋባነው በእኛ አቆጣጠር በጥር 2013 አዲስ አበባ ነው። እኔ ሲትዝን ነኝ። ወደዚህ እንደተመለስኩ ሰነዶቻችንን ሰብስቤ ወደ እሷ ሄድኩ። ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አነበበቻቸው። ማንበብ ስል የምር ማንበብ ነው፤ አማርኛውንም ትርጉሙንም ጎን ለጎን አስቀምጣ።

የባለቤቴ የልደት ቀን በአማርኛው ሰነድ ላይ በእኛ አቆጣጠር ነው የተጻፈው። የተወለደው በኅዳር ነው። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገባ ድረስ የሚደመረው 7 ዓመት ነው፣ ከገባ በኋላ 8። ተርጓሚው ግን 8 ደምሯል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሌላ፣ ትርጉሙ ላይ ያለው ሌላ ሆነ። "ይህ ሳይስተካከል አንድም ወረቀት አላስገባም" አለችኝ። ትርጉሙ እንደገና ተሠራ።

ቀጥላ ባለቤቴ ከኢትዮጵያ ውጭ የት የት እንደኖረ ጠየቀችኝ። ዱባይ በኤሌክትሪሺያንነት ሠርቷል። አንድ ሰው ከ16 ዓመቱ በኋላ 12 ወርና ከዚያ በላይ የኖረበት አገር ካለ ከዚያም የፖሊስ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። የኢትዮጵያው ብቻ አይበቃም። ብዙ ልጆቻችን ከዓረብ አገር የተመለሱ ስለሆኑ ይህንን ደጋግሜ እናገራለሁ። ኢንተርቪው ላይ ከደረሱ በኋላ ይህን ወረቀት ፍለጋ መሮጥ በራሱ ሌላ መዘግየት ነው።

አይ-130 የሚባለውን፣ የትዳር አጋርን ለማምጣት መጀመሪያ የሚገባውን ፎርም አስገባን። ያኔ ክፍያው 535 ዶላር ነበር፤ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በወረቀት 675፣ በኦንላይን 625 ሆኗል። ከዚያ መጠበቅ ተጀመረ።

ጊዜው ክፉ ነበር። በኮቪድ ምክንያት የአሜሪካ ቆንስላዎች በመላው ዓለም መደበኛ የቪዛ ሥራቸውን አቁመው ነበር። ወረቀቱን ጨርሶ ኢንተርቪው የሚጠብቀው ሰው በፈረንጆቹ 2019 በአማካይ 60 ሺህ ገደማ ነበር። በ2022 መጀመሪያ ከ400 ሺህ በላይ ሆነ። በዚህ ላይ የእኛ አገር ጦርነት ተጨመረ። በኖቬምበር 2021 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ አሜሪካም አስፈላጊ ያልሆኑ ሠራተኞቿ ከአዲስ አበባ እንዲወጡ አዘዘች። ይህንን ሁሉ ያስረዳችኝ እሷ ናት። ቁጥሩን ሳውቅ ወረፋው አላጠረልኝም። ግን በእኛ ላይ ብቻ የደረሰ ነገር አለመሆኑን ሳውቅ እንቅልፍ መተኛት ጀመርኩ።

አንድ የምወድላት ነገር አለ። ደውዬ "አሁን ምን እናድርግ?" ስላት፣ የሚደረግ ነገር ከሌለ "አሁን የሚደረግ ነገር የለም። ሲኖር እኔ እደውልልሻለሁ" ትለኛለች። ሲኖር ትደውላለች። በዚህ ሥራ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው ብርቅ ነው። "ይህን ያህል ክፈይና አፋጥንልሻለሁ" የሚለው ግን በየመንገዱ ሞልቷል።

ኬዛችንን በየሌሊቱ እየከፈትኩ እንደማይ ስነግራት "ሰኞ ሰኞ ብቻ እይው" አለችኝ። "ማክሰኞ ብታዪው የሚለወጥ ነገር የለም፤ የሚለወጠው የአንቺ ጤና ነው።" እንዳለችው አደረግኩ። ሌሎቹን ቀናት ከባለቤቴ ጋር ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመርን። የሰባትና የስምንት ሰዓት ልዩነት ይዘን፣ እኔ ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ እሱ ምሳ ላይ ሆኖ፣ የምናወራው ስለ ኬዝ ብቻ ሆኖ ነበር። ትዳራችን ፋይል ሆኖ ነበር ማለት እችላለሁ።

ስለ አማቴም ልናገር። እሳቸውም ፈቅደውልኛል።

በመዘግየት ውስጥ ከወረፋው ይልቅ የሚያቆስለው ወሬው ነው። እዚህ ማኅበር ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ "ባልሽ አልመጣም እንዴ?" ይሉሻል። "ለወረቀት ብሎ ያገባሽ እንዳይሆን" የሚልም አይጠፋም። እዚያ ደግሞ "እሷ ናት ያዘገየችው፣ ሌላ ይዛ ነው" ይባላል። አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን የጎረቤታቸው ልጅ ከእኛ በኋላ ጀምራ ሄዳለች። ልጅቷ የሄደችው በዲቪ ነው፣ የእኛ ሌላ ነው ቢባሉ አልዋጥ አላቸው። ባለቤቴም በመሃል ተጨነቀ። እናቱን መቃወም አይፈልግም፣ እኔን መጠርጠርም አይፈልግም።

ይህንን ስነግራት "ቅዳሜ ቢሮ ስትመጪ ደውይላቸው፣ ስፒከር ላይ አድርጊው" አለች። ደወልን። ሰላምታውን፣ የቤተሰቡን ደህንነት፣ የሰፈሩን ሁኔታ ሁሉ ጠየቀቻቸው። አልተቻኮለችም። ከዚያ፣

"እማማ፣ ፋይሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ምራትዎ የቀራት ነገር የለም። ገንዘቡን ከፍላለች፣ ወረቀቱን አስገብታለች። አሁን ያለነው ወረፋ ላይ ነው" አለቻቸው። ስለ ዲቪውም አስረዳቻቸው። "የዲቪ ቪዛ የአሜሪካ የበጀት ዓመት በሴፕቴምበር 30 ከማለቁ በፊት ካልተሰጠ ይቃጠላል። የእናንተ አይቃጠልም። ይረዝማል እንጂ አይጠፋም።"

አማቴ ትንሽ ዝም አሉ። "እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፣ ልጄ" አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤት ሲጠይቃቸው ስለ ወረፋው የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው። ይህ በሥራ ዝርዝሯ ውስጥ የለም። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አይከፍላትም። ለእኔ ግን ከሞላችልኝ ፎርም ሁሉ ይበልጣል።

አይ-130 ጸድቆ ወደ ኤንቪሲ፣ ማለትም ከኢንተርቪው በፊት ወረቀት ወደሚሰበስበው የአሜሪካ የቪዛ ማዕከል ተዛወረ። እዚያ ለቪዛው 325፣ ለስፖንሰር ወረቀቱ 120 ዶላር ይከፈላል፣ ዲኤስ-260 የሚባለው የቪዛ ማመልከቻ ይሞላል፣ የስፖንሰር ወረቀቱ ይገባል። ገቢሽ ከድህነት መስመሩ 125 በመቶ መድረስ አለበት። በ2024 ለሁለት ሰው 25,550 ዶላር ነበር። የነርሲንግ ሆም ደመወዜ በቃኝ። ላልበቃው ሰው ተባባሪ ስፖንሰር ማቅረብ ይቻላል።

የኢንተርቪው ቀን ሲመጣ ቤቱ ሁሉ እልል አለ። እሷ ግን ለባለቤቴ ደውላ "ሥራህን እንዳትለቅ። ዕቃህን እንዳትሸጥ። ትኬት እንዳትቆርጥ። ቪዛው ፓስፖርትህ ላይ ተለጥፎ በእጅህ እስኪገባ ድረስ ምንም እንዳትነካ" አለችው። ስንት ሰው ለኢንተርቪው ብሎ ሥራ ለቆ፣ የተከራየውን ቤት አስረክቦ ዘመድ ቤት ተጥሎ የቀረ አለ። ባለቤቴ ሥራው ላይ ቆየ። ቆይቶም ዳነ፤ ምክንያቱም በዚያ ቀን ቪዛ አልተሰጠውም።

221(ጂ) የሚል ወረቀት ሰጡት። አድሚኒስትሬቲቭ ፕሮሰሲንግ የሚባለው ተጨማሪ ማጣራት ነው። ዲኤስ-5535 የሚባሉ ጥያቄዎችም መጡ፦ የ15 ዓመት የጉዞ ታሪክ፣ የ15 ዓመት አድራሻና ሥራ፣ የ5 ዓመት ስልክ ቁጥር፣ ኢሜይልና የሶሻል ሚዲያ ስም። በማግስቱ ኦንላይን ስንከፍተው "ሪፊውዝድ" (ተከልክሏል) ይላል። ባለቤቴ ያን ቃል ሲያይ ስልኩን ዘጋ። እኔም መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የደወልኩት ለእሷ ነው። "221(ጂ) የተባለ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚታየው። ተጨማሪ ማጣራት ላይ ነው ማለት ነው። ማጣራቱ ሲያልቅ ኬዙ እንደገና ይታያል። በሩ አልተዘጋም" አለችኝ። ይህን ቃል አሁን እያያችሁ ያላችሁ ካላችሁ፣ ስክሪኑን ከማመናችሁ በፊት የተሰጣችሁን ወረቀት አንብቡ። የትኛው አንቀጽ ላይ ምልክት እንደተደረገ እዩ። ቁም ነገሩ እዚያ ነው።

ለ15 ዓመቱ ጥያቄ ከባለቤቴ ጋር በስልክ ተቀምጣ፣ የዱባይ ካምፖቹን ስም ሳይቀር አስታውሶ እንዲጽፍ ረዳችው። ከዚያ እንደገና ጸጥታ። የሕክምና ምርመራው ጊዜው አለፈበት፤ ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው 6 ወር ነው። እንደገና መክፈል ነበረበት።

በዚህ ጊዜ ነው የኮንግረስ አባል ቢሮን ያሳየችን። እያንዳንዱ የኮንግረስ አባልና ሴናተር ቢሮ ውስጥ የነዋሪዎችን ጉዳይ የሚከታተል ሠራተኛ አለ። አገልግሎቱ ነጻ ነው። የምትፈርሙት ጉዳያችሁን እንዲጠይቁ የሚፈቅድ አንድ ወረቀት ነው። ወረፋ አያስቆርጡም፣ ውሳኔም አያስለውጡም። ግን የት እንደደረሰ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይልኩላችኋል። የኛ ወረዳ ቢሮ ሠራተኛም ትሑት ሰው ነበር። እሱንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

በጁን 2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሙኞስ በተባለው የቪዛ ክስ ላይ ሲወስን ብዙ ሰው ደነገጠ። ሲትዝን የሆነ ሰው የትዳር አጋሩ እንዲገባለት የሚጠይቅበት መሠረታዊ የሕገ መንግሥት መብት የለውም ነው ያለው። "ከእንግዲህ ክስ ዋጋ የለውም" ይባል ጀመር። እሷን ጠየቅኳት። "ያ ጉዳይ ስለ ክልከላ ነው፣ የእናንተ ስለ መዘግየት ነው። ነገር ግን የፌዴራል ፍርድ ቤት የእኔ ሥራ አይደለም፤ ሎየር ያስፈልግሻል" ብላ ሎየሮች ጠቆመችኝ። የማታውቀውን አውቃለሁ አላለችም። ሎየሩም ማንዳመስ የሚባለው ክስ ውሳኔ እንዲሰጥ እንጂ ቪዛ እንዲሰጥ እንደማያደርግ በግልጽ ነገረኝ። ስንመክር ፓስፖርቱን እንዲያስገባ የሚጠይቅ ኢሜይል መጣ። ምኑ እንዳስጨረሰው አላውቅም፣ ይሄ ነው ብዬም አልዋሽም።

ከተጋባን ከሁለት ዓመት በላይ ስለሆነን የገባው አይአር-1 በሚባለው የትዳር ቪዛ ነው። ግሪን ካርዱ የ10 ዓመት ነው፣ የሁለት ዓመቱ ጊዜያዊ አይደለም። ካርዱ እንዲመጣ 235 ዶላር ኦንላይን መክፈል እንዳለብን ያስታወሰችን እሷው ናት።

አሁን ጥቆማው። እንዲህ ዓይነት ተወካይ የትም ስቴት ብትሆኑ መፈለግ ትችላላችሁ። የፍትሕ ሚኒስቴሩ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች መሥሪያ ቤት ድረ ገጹ ላይ ፈቃድ ያላቸውን ድርጅቶችና ተወካዮች በስቴት ዘርዝሮ ያወጣል። የተወካይ ፈቃድ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል፣ ስለዚህ ስሙን ዝርዝሩ ላይ አረጋግጡ። ድርጅቶቹ ለትርፍ የቆሙ አይደሉም። እኔ ለአገልግሎቱ የከፈልኩት ለመንግሥት ከከፈልኩት በጣም ያነሰ ነው።

ታክስ እየሠሩ ጎን ለጎን የኢሚግሬሽን ፎርም ከሚሞሉ ቤቶች ግን ተጠንቀቁ። አንድ ጓደኛዬን "ኤምባሲ ውስጥ ሰው አለን" ብለው ገንዘቧን በልተዋታል። ኖታሪ ማለት ሎየር ማለት አይደለም። ፎርሙ መጨረሻ ላይ ያዘጋጀው ሰው ስሙን ጽፎ የሚፈርምበት ቦታ አለ። ሞልቶላችሁ እዚያ ላይ አልፈርምም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ውጡ።

እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ባለቤቴም አማቴም አብረውኝ ያመሰግኑሻል። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የቤታችን በር ሁልጊዜ ክፍት ነው።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የድርጅቱን ስልክ እልክላችኋለሁ። ቀጠሮ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም ብላችሁ ደውሉ። ስትሄዱ ፓስፖርት፣ የጋብቻ ሰርተፍኬትና የልደት ማስረጃ ከነትርጉማቸው፣ እንዲሁም የቅርብ ጊዜ የታክስ ወረቀት ያዙ። ባለቤታችሁ ዱባይ፣ ቤይሩት ወይም ሪያድ ኖሮ ከሆነ ደግሞ ገና እንደተቀመጣችሁ መጀመሪያ እሱን ንገሯት።