ልጄን ከፊደል ጋር ላስታረቁልኝ ጋሼ

የደሴ ወላጆች፣ ይቺን ሳልጽፍ ብቀር አላህም አይወድልኝ።

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው። "አማርኛ አንብብ" ስለው ሆዱን ያመው ነበር። የእውነቴን ነው፣ ሆዱን ይዞ ይተኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሄድኩበት የለም። አንዱ ጋ ሠላሳ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ አጭቀው ነው የሚያስጠኑት፤ ስሙን እንኳን አያውቁትም። ሌላዋ የቤት ሥራውን ራሷ እየሠራችለት ወር በመጣ ቁጥር ብሯን ትቀበላለች። አንዱ ደግሞ ልጄ እየሰማ "ጭንቅላቱ አይቀበልም፣ አትድከሚ" አለኝ። ያን ቀን ከአራዳ እስከ ቤቴ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት። ልጄ እጄን ይዞ "እማ አታልቅሺ፣ አነባለሁ" ይለኛል። ይሄን መቼም አልረሳውም።

በኋላ ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መምህር ጠቆመችኝ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ቤታቸው ነው የሚያስጠኑት።

በመጀመሪያው ቀን መጽሐፉን ወደ ጎን አድርገው ወረቀት ላይ "ሞ" ጻፉና "ይሄ ማነው?" አሉት። ልጄ በጣቱ እየቆጠረ "መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ም፣ ሞ" ብሎ ደረሰበት። ለካ 231ዱንም ፊደል በዜማ ያንበለብለዋል እንጂ አንዱን ነጥለው ቢያሳዩት አያውቀውም! ይሄን ያየ አስተማሪ አልነበረም። እኔም እናቱ አላየሁም። ጋሼ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። እስኪጨርስ ጠብቀው "ጎበዝ! መንገዱን ታውቀዋለህ። አብሽር፣ እኔ አቋራጩን አሳይሃለሁ" አሉት። ልጄ ቀና ብሎ አያቸው። ያን ቀን ሆዱን አላመመውም።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ብዙም አልገባኝም። መሃሉ የተቀደደ ካርቶን አላቸው፣ በሱ ፊደል በፊደል ያሳዩታል። ሲሰለቸው በር ላይ ይቀመጡና የሚያልፈው ባጃጅ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ያስነብቡታል። ልጄ ደግሞ ባጃጅ ሲወድ!

ባለቤቴ ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው። ባለፈው ቅዳሜ ልንጠይቀው መናኸሪያ ስንደርስ ልጄ የሚኒባሱን ታፔላ ቆሞ ማየት ጀመረ። እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ። "ኮ... ም..." አለ። "ቦ" ላይ ትንሽ ተያዘ፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ከዚያ "ኮምቦልቻ! እማ፣ አባ ጋ የሚሄደው ይሄ ነው!" ብሎ ጮኸ። ረዳቱ ሳይቀር "ማሻአላህ" አለው። እኔማ እንባዬ መጣ።

እባካችሁ፣ ልጃችሁን ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት እሳቸው ጋ ውሰዱት። ደግሜ እላለሁ፣ ውሰዱት! ብዙ ልጅ ስለማይቀበሉ ቶሎ በሉ። ስማቸው እንዲወጣ አልፈለጉም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

ጋሼ፣ አላህ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎ ነገም ከአስር ሰዓት በፊት በርዎ ላይ ነው፤ "እንዳይረፍድብኝ" እያለ ምሳውን እንኳን በወጉ አይበላልኝም።