የብርበራ ማዘዣውን መስመር በመስመር ላነበቡልን ጠበቃ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በደብረ ማርቆስ ከተማ በጥብቅና ሥራ ለተሰማሩ አንዲት የሕግ ባለሙያ የቤተሰቤን ምስጋና በአደባባይ ለማቅረብ፣ እንዲሁም እንደ እኛ ቤታቸው ተበርብሮ ንብረታቸው የተወሰደባቸው የጎጃም ወገኖቼ ምን ዓይነት ባለሙያ መፈለግ እንዳለባቸው ለመጠቆም ነው። ስማቸውን በዚህ እንዳላወጣ ራሳቸው ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬ «ጠበቃችን» እያልኩ እቀጥላለሁ። ነገሩ የተፈጸመበትን ከተማ፣ ፖሊሱንም ሆነ ፍርድ ቤቱን በስም አልጠራም፤ ክርክሩ በሕግ መንገድ ተጀምሮ በሕግ መንገድ ያለቀ ስለሆነ ዛሬ ማንንም የምወቅስበት ምክንያት የለኝም።

ታላቅ ወንድሜ በምሥራቅ ጎጃም ካሉት ከተሞች በአንዱ የጤፍ ነጋዴ ነው። በ2015 ዓ.ም. የበጋ ወራት ከአንድ የመስኖ ማኅበር የተሰረቀ የውሃ መሳቢያ ሞተር በወንድሜ መጋዘን ውስጥ ተደብቋል የሚል ጥቆማ ለፖሊስ ይደርሳል። መርማሪው ለወረዳው ፍርድ ቤት አመልክቶ ጠዋት የብርበራ ማዘዣ አወጣ፤ ከሰዓት በኋላም ፖሊሶች መጥተው መጋዘኑን በታዛቢ ፊት ፈተሹ፤ ሞተር ግን አልተገኘም። ብርበራው በዚያ ማብቃት ሲገባው መንገድ ተሻግሮ በሌላ ግቢ ወዳለው መኖሪያ ቤታችን ቀጠለ። ቤት ውስጥ የነበረችው እናታችን ብቻ ነበረች። «በሕግ አምላክ፣ ልጄ እስኪመጣ ጠብቁ» ብትልም የሚሰማት አላገኘችም፤ የልብስ ሣጥኗ ሳይቀር ተገለበጠ። ከዚያ ቤት ሁለት የእጅ ስልኮች፣ የወንድሜ የዱቤ መዝገብ፣ ለጤፍ መግዣ የተቀመጠ ገንዘብ፣ በዝርዝሩ ላይ «ልዩ ልዩ ወረቀቶች» ተብሎ ብቻ የተጻፈ አንድ ከረጢትም ተወሰደ። ወንድሜ ቃሉን ሰጥቶ በዋስ ተለቀቀ፤ ንብረቱ ግን በኤግዚቢትነት ተያዘ።

የዱቤ መዝገብ መወሰድ ለእህል ነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ ገበያውን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ከየትኛው ገበሬ ስንት ኩንታል ጤፍ እንደተረከበ፣ ለማን ቀብድ እንደሰጠ፣ ለማን ምን ያህል እንደቀረበት ሁሉ የተጻፈው በዚያ ደብተር ላይ ነበር። ገበሬዎቹ ሂሳባቸውን ፈልገው ሲመጡ ወንድሜ በቃሉ ከማስታወስ በቀር የሚያሳያቸው ነገር አልነበረውም፤ ለዓመታት በመተማመን የቆመ ንግድም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይናጋ ጀመር። ከዘመድም ከጎረቤትም የሚመጣው ምክር አንድ ዓይነት ነበር፦ ሞተሩ ስላልተገኘ ነገሩ ራሱ ይበርዳል፣ ዕቃውም ሲመረመር ይመለሳል፣ ከፖሊስ ጋር እልህ አትጋቡ። እናታችን ግን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብላ አልቀበልም አለች። ወደ ጠበቃችን የሄድነው በእሷ ግፊት ነው።

ጠበቃችን ታሪኩን በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ በመጀመሪያ የጠየቁት የማዘዣውን ግልባጭና የተያዘውን ንብረት ዝርዝር ነበር። ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው በእርሳስ ማንበብ ጀመሩ። በማዘዣው ላይ የተጻፈው ንብረት አንድ የውሃ መሳቢያ ሞተር ከነቱቦው ነው፤ የተጻፈው ቦታ የእህል መጋዘኑ ነው። በዝርዝሩ ላይ ያሉትን ንብረቶች አንድ በአንድ እየተከተሉ በማዘዣው ላይ ከሌሉት ጎን ምልክት አደረጉ፤ ሲጨርሱ ምልክት ያልተደረገበት መስመር አልቀረም። ከዚያ ወደ ፊርማዎቹ ዞሩና «ይህ ታዛቢ መኖሪያ ቤቱ ሲፈተሽ ነበሩ?» ብለው ጠየቁን። ታዛቢው ጎረቤታችን መጋዘኑ እንዳለቀ ፈርመው ወደ ቤታቸው የሄዱ ሰው ናቸው፤ መኖሪያ ቤታችን ሲበረበር አላዩም። ሁላችንም ወረቀቱን ደጋግመን አይተነው ነበር፤ ይህን ጥያቄ ግን ያነሳው ሰው አልነበረም።

ቀጥለውም ሕጉን በሚገባን ቋንቋ አስረዱን፤ ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ የማምነውን እዚህ አሰፍራለሁ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ማንም ሰው ከመኖሪያ ቤቱ፣ ከሰውነቱና ከንብረቱ ብርበራ፣ በግል ይዞታው ያለ ንብረትም እንዳይያዝበት የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከዚያ አስቀድሞ የወጣው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 13 የሰው መኖሪያ ቤት እንደማይደፈርና ሕግ ከፈቀደው ውጭ እንደማይበረበር ይናገራል። ብርበራ እንዴት እንደሚካሄድ የሚወስነው ደግሞ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። በአንቀጽ 33 መሠረት ፍርድ ቤት ማዘዣ የሚሰጠው ብርበራው ለፍትሕ ወይም ለምርመራው እንደሚጠቅም ሲያምን ነው፤ ማዘዣው የሚፈለገውንና የሚያዘውን ንብረት ለይቶ መጥቀስ አለበት፤ ፖሊስም በማዘዣው ከተጠቀሰው ውጭ ሌላ ንብረት መያዝ አይችልም። የተያዘው ንብረት መመዝገብ አለበት፤ ሲቻልም ዝርዝሩን ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርምበታል። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀርም ብርበራ የሚካሄደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የመደበኛው ጊዜ ሕግ መሆኑን ልብ ይሏል፤ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ያለ ማዘዣ መበርበር ሊፈቀድ ስለሚችል፣ ብርበራው የተደረገበት ቀን ለክርክሩ ወሳኝ ነው።

እኛ በንዴት ተነሳስተን ማዘዣው ከሥሩ ሕገወጥ ነው እንዲሉልን ፈልገን ነበር። ጠበቃችን ግን ይህን ከመወሰናቸው በፊት ፖሊስ ማዘዣውን ያወጣበትን ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት አስወጥተው አነበቡ። ማመልከቻው የተፈጸመውን ስርቆት፣ የማኅበሩን አቤቱታና የጥቆማውን ይዘት ስለሚገልጽ ዳኛው ማዘዣውን የሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም አሉን። «የማይቆም ክርክር ካነሳን የሚቆመውንም ያደክምብናል» ብለው አቤቱታውን በሁለት ነጥብ ላይ አቆሙት፤ መኖሪያ ቤቱ በማዘዣው ያልተጠቀሰ ቦታ መሆኑንና ከተያዙት ዕቃዎች አንዱም በማዘዣው አለመጻፉን። ስለ ሰዓቱ የነበረንን ቅሬታም በአቤቱታው ላይ አስገቡልን፤ ነገር ግን ብርበራው ከምሽቱ 12 ሰዓት ማለፉን የምናስረዳው በቤተሰብ ምስክርነት ብቻ ስለሆነ ብዙ እንዳንጠብቅ አስቀድመው ነገሩን። ባለጉዳይን ደስ ለማሰኘት ያላሉት ነገር መኖሩ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ያስከበራቸው ጠባይ ነው።

ከሕግ ውጭ የታሰረ ሰው ሲሆን አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 የታወቀ መንገድ አለው። ያለ አግባብ ለተያዘ ንብረት ግን የ1954ቱ ሕግ እንዲህ በስሙ የሚጠራ አቤቱታ አላዘጋጀም። ስለዚህ ጠበቃችን አቤቱታውን ያቀረቡት ማዘዣውን ለሰጠው ለዚያው ፍርድ ቤት ነው፤ ትዕዛዙን የሰጠ ችሎት ትዕዛዙ በወሰን ውስጥ መፈጸሙን መመርመር ይችላል፣ ማንም ሰው በፍርድ ሊያልቅ የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብቱም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ተረጋግጧል በሚል መሠረት።

ዐቃቤ ሕጉ ያቀረቡት መከራከሪያ ቀላል አልነበረም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 32 መሠረት ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ላይ አቤቱታ ቀርቦ ማስረጃው በአንድ ቦታ ተደብቋል የሚል ጥቆማ ሲኖር፣ ማዘዣ እስኪወጣ ድረስም ማስረጃው ሊሸሽ ይችላል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲታመን፣ ፖሊስ ያለ ማዘዣም መበርበር ይችላል፤ መኖሪያ ቤቱ የተበረበረውም በዚሁ ነው አሉ። ጠበቃችን ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ የሰጡትን መልስ እስካሁን አልረሳሁትም። ይህ ልዩ ሁኔታ የተቀመጠው ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ ጊዜ ላጣ ፖሊስ ነው፤ እዚህ ያለው መርማሪ ግን ያን ዕለት ጠዋት ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚፈልገውን ቦታ ራሱ መርጦ አጽፏል፤ መኖሪያ ቤቱንም ለማጻፍ የከለከለው አልነበረም፤ ለመጋዘኑ ጊዜ አግኝቶ ለመኖሪያ ቤቱ ጊዜ አጣሁ ሊል አይችልም አሉ። ዳኛውም ወደ መርማሪው ዞረው «በማዘዣው ላይ ደብተር ወይም ስልክ የሚል የት ነው?» ሲሉ ጠየቁት። መርማሪው ወረቀቱን አገላብጦ አየና ለምርመራው ይጠቅማል ብለን ነው ሲል መለሰ። ታዛቢው ጎረቤታችንም ቀርበው መጋዘኑ ላይ ብቻ እንደፈረሙ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መሰከሩ፤ ለእሳቸውም ምስጋናችን የላቀ ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ከፖሊስ ጋር በአንድ ከተማ የሚኖር ሰው እንዲህ ቀጥ ብሎ መመስከሩ ቀላል አይደለም።

ፍርድ ቤቱ የመጋዘኑ ብርበራ በማዘዣው መሠረት የተፈጸመ በመሆኑ አልነካውም፤ ስለ ሰዓቱ ያቀረብነውን ቅሬታም የሁለቱ ወገን ማስረጃ ስለተለያየ አልተቀበለውም። የመኖሪያ ቤቱ ብርበራ ግን ከማዘዣው ወሰን ውጭ የተደረገ መሆኑን ገልጾ ስልኮቹ፣ የዱቤ መዝገቡ፣ ገንዘቡና ወረቀቶቹ ለወንድሜ እንዲመለሱ አዘዘ። ንብረቱን ስንረከብ ጠበቃችን አብረውን ሄደው ገንዘቡ እስኪቆጠር፣ የመዝገቡም ገጾች አንድ በአንድ እስኪታዩ ቆመው ጠበቁ፤ ከዝርዝሩ ጋር ካመሳከሩ በኋላ ነው ወንድሜን ፈርም ያሉት። የሞተሩ ምርመራም ከጊዜ በኋላ በማስረጃ አለመኖር ተዘጋ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ሰዎች ስለ ብርበራ ክርክር ሲያወሩ ብርበራው ጉድለት ካለበት ክሱም አብሮ ይወድቃል ብለው ስለሚያስቡ ነው። እኛም ይህንኑ ጠይቀናቸው ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ተቀባይነት የለውም ብሎ በግልጽ የሚያወጣው በማስገደድ የተገኘን ማስረጃ እንጂ ያለ አግባብ የተያዘን ዕቃ አይደለም፤ የ1954ቱ ሕግም ከማዘዣ ውጭ መያዝን ይከለክላል እንጂ የተያዘው ነገር በማስረጃነት ምን ይሆናል ለሚለው ጠቅላላ መልስ አይሰጥም። ስለዚህ የተያዘው ነገር ወንጀሉን በቀጥታ የሚያሳይ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል እንደነበር ሳይሸሽጉ ነገሩን። የእነሱን ጉዳይ ከእኛ ጋር የሚያመሳስሉ ሰዎች ይህን ልዩነት እንዲያስተውሉ እለምናለሁ።

ክፍያን በተመለከተ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ተዋውለን፣ ለከፈልነው ሁሉ ደረሰኝ ተቀብለናል፤ በመካከል የተጨመረ ነገር አልነበረም። ጠበቃችን ንግግር የሚያበዙ ሰው አይደሉም፤ ችሎት ውስጥ ሞቅ ያለ ንግግር የሚፈልግ ባለጉዳይ ላይረካ ይችላል። ማታ ስልክ አያነሱም፤ በሥራ ሰዓት ግን የጠየቅነውን ሳይመልሱልን የቀሩበት ቀን የለም። እናቴ «የኔ ልጅ፣ እድሜሽን ያርዝመው» ብላ ስትመርቃቸው «እማማ፣ ማዘዣው ራሱ ነው የተከራከረልዎት» ብለው መለሱላት። እኔ ግን ማዘዣው በእጃችን እያለ ሳምንታት ማለፋቸውን ስለማውቅ፣ እሱን የሚያነብ ሰው ማግኘታችንን እንደ ትልቅ ጸጋ እቆጥረዋለሁ።

ለጠበቃ የሚከፍለው የሌለው ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ እሳቸው የነገሩንን ልጨምር። በወንጀል የተከሰሰና አቅም የሌለው ሰው ፍርድ ቤቱ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመድብለት ማመልከት ይችላል፤ የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የጠበቃችንን ስልክ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ወደ እሳቸው ስትሄዱ የማዘዣውን ግልባጭ፣ የተፈረመበትን የንብረት ዝርዝርና በታዛቢነት የቆመውን ሰው ስም ይዛችሁ ሂዱ፤ ግልባጩ ካልተሰጣችሁ ማዘዣውን ከሰጠው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጽሑፍ ጠይቁ።