የ30 ኳርት የተርኪ ድስት ለቢራ ጠመቃ፦ ድስቱ ርካሽ ይሁን፣ ቧንቧው ላይ አትቆጥቡ

አሜሪካ ውስጥ ተርኪ ለሚባለው ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ መጥበሻ ተብሎ የሚሸጠው ባለ 30 ኳርት የአሉሚኒየም ድስት ከነጋዝ ምድጃው በቀላሉ ይገኛል። ፋብሪካ ቧንቧ ገጥሞለት ለቢራ ጠመቃ ከሚሸጠው ኢስቴንለስ ድስት ጋር ዋጋው በጣም ይራራቃል። ርካሹ ሥራውን ይሠራል ወይ ለሚለው መልሱ፣ ይሠራል። ቀዳዳው በሥርዓት ከተበሳና ደህና ቧንቧ ከገባለት ከውዱ የሚያንስበት ነገር ጥቂት ነው።

ትልቁ ድክመቱ መጠኑ ነው። 30 ኳርት ማለት 28 ሊትር ገደማ ነው። 19 ሊትር ቢራ ለማግኘት በ24 ሊትር የብቅል ውሃ መነሳት ያስፈልጋል፤ በአንድ ሰዓት ፍል 3 ሊትር ያህል ይተናል፣ ቀሪው ከዝቃጩ ጋር ድስቱ ሥር ይቀራል። እንግዲህ ለአረፋ የሚተርፈው ቦታ 4 ሊትር ብቻ ነው። የብቅል ውሃ ሊፈላ ሲል ልክ እንደ ወተት ድንገት ይገነፍላል፤ አረፋው ሲያብጥ እሳቱን ቀንሱ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ መርጫም አጠገባችሁ ይኑር። አረፋው አንዴ ከሰከነ አያስቸግርም። ክዳኑ ግን እስከ መጨረሻው አይከደን፤ ከተከደነ የተቀቀለ በቆሎ የሚመስል ሽታ ቢራው ውስጥ ይቀራል።

አሉሚኒየም መሆኑ የሚያሰጋቸው ብዙ ናቸው። አዲሱን ድስት ውሃ ሞልታችሁ 30 ደቂቃ ብታፈሉበት ውስጡ ይደበዝዛል፣ ግራጫ ይሆናል። ይህ እድፍ አይደለም፤ ብረቱን ከብቅል ውሃው የሚለየው ሽፋን ነው። በሽቦ ፈግፍጋችሁ ካብለጨለጫችሁት ሽፋኑን ገፈፋችሁት ማለት ነው። በለስላሳ ስፖንጅና በሳሙና ብቻ ይታጠብ። በረኪና በጭራሽ አይንካው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ቧንቧ የሚያስፈልገው ለማማር አይደለም፤ 20 ሊትር የፈላ ነገር አንስቶ መገልበጥ ሰው ያቃጥላል። የዚህ ድስት ጆሮዎች ደግሞ ያን ክብደት አንጠልጥሎ ለመሄድ የሚታመኑ አይደሉም። ቀዳዳው የሚበሳው ከሁለቱ ጆሮዎች እኩል ርቀት ላይ ነው፤ አለዚያ ድስቱን ስትይዙ እጃችሁ ከጋለ ቧንቧ ጋር ይገናኛል። የቀዳዳው መሐል ከድስቱ ሥር 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ዝቅ ካለ ቧንቧውን ከውስጥ የሚያስረው ዳዶ ግድግዳው ከሥሩ ጋር የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ያርፍና አይገጥምም።

ከውስጥ በኩል እንጨት አስደግፉ፣ ቦታውን በቡሊኖ (ምልክት በሚያደርገው ሹል ብረት) ምቱ፣ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የድሪል መብሻ) ጀምሩ፣ ከዚያ ደረጃ ባለው ሾጣጣ ፑንታ እስከ 22 ሚሊ ሜትር አስፉት። በቀዳዳው የሚያልፈው የግማሽ ኢንች ኒፕል (ጥርስ ያለው አጭር ቱቦ) ውጫዊ ስፋቱ 21.3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልክ ይገባል። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይበሳል። ኢስቴንለስ ከሆነ ግን ድሪሉን በዝግታ አዙሩ፣ ጫን በሉት፣ ዘይት አታጓድሉበት፤ በፍጥነት ከተፈተገ ብረቱ ይጠነክርና ፑንታውን ይበላዋል። ሲያልቅ የቀዳዳውን ጠርዝ በጣታችሁ ዳብሱት። የሚቧጥጥ ነገር ካለ በሞረድ አለስልሱት፤ ያ ሹል ጠርዝ ነው ቀዳዳውን የሚደፍነውን የሲሊኮን ጎማ ቆርጦ የሚያስፈሰው።

ሌላው የማፍሰስ ምክንያት የድስቱ ቅርጽ ነው። ጠባብና ረጅም ስለሆነ ግድግዳው ይጎብጣል፤ ከዳዶው ሥር የሚገባው ጠፍጣፋ ሮንዴላ በሁለት ጎኑ ብቻ ይነካዋል። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሲሊኮን ጎማ ከውስጥም ከውጭም ብታስገቡ ክፍተቱን ይሞላዋል። ጥቁሩ ተራ ጎማ ፍል አይችልም፣ ይሸታልም። ዳዶውን በእጅ ካጠበቃችሁ በኋላ በመፍቻ ሩብ ዙር ይበቃዋል። ሲፈስ ያየ ሰው ይበልጥ ያጠብቀዋል፤ ያኔ ጎማው ተጨፍልቆ ወደ ጎን ይወጣና ይብስበታል። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን 3 ወይም 4 ዙር ጠምጥሙ፣ ዳዶው በሚዞርበት አቅጣጫ።

ገንዘቡ መውጣት ያለበት ቧንቧው ላይ ነው። በሦስት ክፍል የሚፈታ ኢስቴንለስ ቦል ቫልቭ (በውስጡ ባለ ቀዳዳ ኳስ ዞሮ የሚከፈትና የሚዘጋ ቧንቧ) ግዙ። የማይፈታው ርካሽ ነው፤ ግን የብቅል ውሃ ኳሱ ዙሪያ ገብቶ ይደርቃል፣ ቀጥሎ የሚወርደው የቀዘቀዘ ቢራ በዚያ ቆሻሻ በኩል ያልፋል። ቢራው ያለ ምክንያት የሚኮመጥጥባቸው ሰዎች መጀመሪያ ቢያዩ የሚሻለው እዚያ ነው። ምድጃው ላይ ስታስቀምጡትም ነበልባሉ በጎን እየወጣ ቧንቧውን እንዳይልሰው አዙሩት፤ የእጀታው ፕላስቲክ ይቀልጣል።

ለማጥለያ ብዙዎች የሚጠቀሙት የውሃ መስመር ቱቦን የሚሸፍነውን የብረት ሽቦ ጥልፍ ነው፤ ሁለቱን ጫፍ ቆርጦ የውስጡን ፕላስቲክ መጎተት ነው። ስትገዙ ግን አስተውሉ፤ አንዳንዱ ብረት መሳይ ናይለን ነው። ለሆፕ (ቢራን ለሚያመርረው አበባ) ደህና ይሠራል። ለተወቀጠ ገሾ አይሆንም፣ ወዲያው ይደፈናል፤ ገሾውን ነጠላ ጨርቅ ውስጥ ቋጥሮ መክተት ይሻላል።

ጠላና ጠጅ የሚጥሉም ይህን ድስት ይጠቀሙበታል፤ ውሃ ለማፍላት፣ ገሾ ለመቀቀል ግሩም ነው። ድፍድፉን ግን እዚያው አታሳድሩ። ጠላ ሲብላላ ይኮመጥጣል፣ ኮምጣጣው የአሉሚኒየሙን ሽፋን ይበላል፣ ጣዕሙም ብረት ብረት ይላል። መጥመቂያው ጋን ወይም ለምግብ የተሠራ የፕላስቲክ ባልዲ ይሁን።

አሉሚኒየም ካልፈለጋችሁ ስስ ኢስቴንለስ አለ። ጥሩነቱ ማብላላትንም መቻሉ ነው። ግን ሥሩ ስስ ስለሆነ እሳቱ አንድ ቦታ ያርፋል፤ ብቅሉን በከረጢት የምትዘፈዝፉ ከሆነ ሥሩ ላይ የሽቦ ርብራብ አስቀምጡ፣ አለዚያ ከረጢቱ ያርራል። የኢናሜል ድስት ግን አትብሱ፤ በቀዳዳው ዙሪያ ሽፋኑ ይፈረፈርና ይዝጋል።

ከመጀመሪያው ጠመቃ በፊት ውሃ አፍልታችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ተመልከቱት፤ ሲሞቅ ያላፈሰ ሲቀዘቅዝ ሊያፈስ ይችላል። ከእያንዳንዱ ጠመቃ በኋላም ሙቅ ውሃ ስታሳልፉበት ቧንቧውን ግማሽ ብቻ ክፈቱት። ኳሱ ዙሪያ ያለው ኪስ የሚታጠበው ያኔ ነው።