የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም፣ ማውንቴን ቪው፦ ለአንድ ማሽን ሲባል መሄድ ያዋጣል

ሳን ሆዜ አካባቢ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህን ሙዚየም ሳታዩ አትቅሩ። አዳራሹ ሰፊ፣ ዕቃው ብዙ ነው። እኔ ግን ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፌ የቆምኩት «ኮሚዩኒቲ ሜሞሪ» ከተባለው መሣሪያ ዘንድ ነው።

ድረ ገጽ ከመፈጠሩ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የኮምፒውተር መሐንዲሱ ሊ ፌልሰንስታይንና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ በሚገኝ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ መደብር ደረጃ አናት ላይ አንድ የቴሌታይፕ ማሽን (በመስመር ጽሑፍ የሚልክና የሚቀበል የጽሕፈት መኪና) ተከሉ። ማሽኑን በካርቶን ሣጥን ሸፍነው ጩኸቱን በስፖንጅ አፈኑት፤ ለእጅ ማስገቢያም ቀዳዳ አበጁለት። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ቴሌክስ ላይ ስለሠራሁ፣ ያ ስፖንጅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከማንም በላይ ይገባኛል!

ማሽኑ በስልክ መስመር ሳን ፍራንሲስኮ ካለ ትልቅ ኮምፒውተር ጋር ይገናኝ ነበር፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ፊደል ብቻ። አላፊ አግዳሚው መልእክቱን ጽፎ ቁልፍ ቃል ያኖርበታል፤ ሌላው በዚያ ቃል ፈልጎ ያገኘዋል። አንዱ ጥሩ ቤግል የሚባለው ቀለበት መሰል ዳቦ የት እንደሚገኝ ቢጠይቅ፣ ከመላሾቹ አንዱ አጋገሩን የሚያስተምር የቀድሞ ጋጋሪ ስልክ ቁጥር ሰጠው። ለማያውቁት ሰው እንዲህ መድከም ደስ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሳንቲም የሚሠሩ ማሽኖች መጡ፤ ማንበብ በነጻ፣ አስተያየት መጻፍ 25 ሳንቲም፣ አዲስ የውይይት መድረክ መክፈት 1 ዶላር። ክፍያውን አልወደድኩትም፤ ንባቡን በነጻ መተዋቸው ግን ትልቅ ነገር ነው።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የመክፈቻ ቀኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።