የፅንስ ልብ ማዳመጫዬ፣ ከስምንት ወራት በኋላ

ይህን መሣሪያ የገዛሁት በ14ኛው ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ፅንስ ጨንግፎብኝ ነበርና «ምን አስቸኮለሽ?» ለሚለኝ መልሴ ይኸው ነው። ባትሪው ደህና ነው፣ ስክሪኑም በጨለማ ይነበባል፣ ጄሉ ብቻ ቶሎ ያልቃል። ስለ ዕቃው ይህ ይበቃል፤ የምጽፈው ስለ አንድ ሌሊት ነው።

እስከዚያ ሌሊት ድረስ መብራት አጥፍቼ ጄል እቀባለሁ፣ ጫፉን ሆዴ ላይ ዝቅ ከፍ እያደረግሁ እፈልጋለሁ። ነፋስ የሚመስለው የእንግዴ ልጁ ድምፅ ነው፤ ፈረስ ሲጋልብ የሚመስለው ልጄ ነው። 140፣ 146፣ 151። መጀመሪያ በቀን አንድ ጊዜ ነበር፤ በ30ኛው ሳምንት ግን ሌሊት ሦስት ጊዜ እነሣ ነበር። ባለቤቴ «ኧረ ልጁ እንኳ ይተኛ» ይለኛል። ይህ ፍቅር አይደለም የሚለኝን ሰው ዛሬም አልሰማውም።

በ36ኛው ሳምንት አንድ ቀን ልጄ ዝም አለ። ጠዋት የለም፣ ከሰዓት የለም። ሌላዋ እናት ብትሆን ነጠላዋን አንሥታ ትሮጥ ነበር። እኔ ግን መሣሪያ አለኝ! እየተንቀጠቀጥሁ ፈልጌ ፈልጌ አገኘሁት፤ 118። የጤናማ ፅንስ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 እንደሚመታ በቃሌ አውቃለሁ። እፎይ ብዬ ተኛሁ።

ሲነጋ እናቴ ደወለች። ስለ ቁጥሩ ስነግራት አቋረጠችኝና «ተራገጠ ወይ?» አለች።

አዋላጇ በአንድ እጇ መሣሪያዬን ሆዴ ላይ ይዛ፣ ሁለት ጣቷን የእጄ አንጓ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እህቴ፣ ይህ የአንቺ ልብ ነው» አለችኝ። መሣሪያው የሚልከው ሞገድ ከሚንቀሳቀስ ደም ላይ ነጥሮ ሲመለስ ይቆጥራል፤ ደሙ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። የተደናገጠች እናት ልብ ደግሞ 118 መድረስ አያቅተውም። የእሱን ፈልጋ ስታገኘው ከእኔው የዘገየ ነበር። በቀዶ ሕክምና ወጣ። ተረፈ።

ሻጩ አሁን «መመሪያው ላይ ተጽፏል እኮ» ይለኛል። አዎን ወንድሜ፣ በመጨረሻው ገጽ በጉንዳን ፊደል ተጽፏል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመው ግን «የእናት እርጋታ» ነው! የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያለ ባለሙያ ቤት ውስጥ እንዳንጠቀምበት በ2014 እ.ኤ.አ. ማሳሰቡንስ የት ጽፈኸዋል? «አያያዙን ስላላወቅሽበት ነው» ካልኸኝ ደግሞ ልክ ነህ፤ አዋላጅ ዓመታት የምትማረውን እኔ በአራት ሥዕል ነው የተማርሁት። አትግዙት።

መጣል ነበረብኝ፤ አልጣልሁትም። ባለፈው ሳምንት ልጄ አጠገቤ ተኝቶ ሳለ ባትሪ ቀየርሁና የተረፈውን ጄል ባዶ ሆዴ ላይ ቀባሁ። ከእምብርቴ ከፍ አድርጌ ጫን ሳደርገው ብዙም አላስፈለገኝም። ትንሿ የልብ ሥዕል ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። 96። 104። 112። ልጄ ነቅቶ አለቀሰ።

ድምፁን ጨመርሁት፤ የመሣሪያውን።