አይቺፕ በሱሉልታ ጥቁር አፈር፦ ዝርጉ ጥሩ ነው፣ ጠርዙ ግን ጉድ ይሠራል

ከአፈር ባክቴሪያ 99 በመቶ ያህሉ የላብራቶሪ ሳህን ላይ አይበቅልም። አይቺፕ፣ ማለትም ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ዝርግ፣ ባክቴሪያውን እዚያው አፈሩ ውስጥ ያሳድገዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው ቴይክሶባክቲን የተባለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የተገኘውም በዚሁ መንገድ፣ ከአሜሪካ ሜይን ግዛት አፈር ነው።

እዚህ የምንገመግመው በአዲስ አበባ ዳርቻ ያለ ወርክሾፕ የቆረጠውን ባለ 384 ቀዳዳ የፕላስቲክ ዝርግ ነው። ይሠራል፤ እንደተረከባችሁት ግን አትጠቀሙበት። የቀዳዳዎቹን አፍ በጥፍር ብትዳስሱ ስንጥር ያገኛችኋል። ያ ስንጥር ሜምብሬኑን (ቀዳዳዎቹን ከሁለቱም ፊት የሚሸፍነውን፣ ምግብ አሳልፎ ባክቴሪያ የሚያግደውን ስስ ሽፋን) ይበሳና የውጭ ባክቴሪያ ያስገባል፤ የወር ልፋት በከንቱ ይቀራል። ሁለቱንም ፊት በራሰ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እሹት። ብሎኖቹንም በሰያፍ፣ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ፤ በአንድ ወገን ከጠበቁ ዝርጉ ይጎብጣል።

ሜምብሬኑ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። የሜምብሬኑ ቀዳዳ 0.03 ማይክሮሜትር ይሁን። ባለ 0.2 የሚያቀርብ ሻጭ አለ፤ አክቲኖማይሲቶች የሚባሉ ክር መሰል ባክቴሪያዎች በእሱ ሾልከው ያልፋሉ።

አጋሩ፣ ማለትም ሕዋሶቹን ይዞ ቀዳዳው ውስጥ እንደ ጄሊ የሚረጋው ነገር፣ ሌላ ጣጣ አለው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ በክፍት ድስት አጋሩ ጓጉሎ ይቀራል። ፕሬዠር ኩከር ተጠቀሙ፣ ከዚያ ወደ 45 ዲግሪ አብርዱት። 1 ግራም አፈር በ10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፣ በማይክሮስኮፕ ቁጠሩ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር አጋር 1,000 ሕዋስ እስኪቀር አቅጥኑ። አንድ ቀዳዳ 1 ማይክሮ ሊትር ገደማ ስለሚይዝ በአማካይ አንድ ሕዋስ ይደርሰዋል። ያኔም 37 በመቶ ያህሉ ቀዳዳ ባዶ ይሆናል፤ አትደንግጡ። ሕዋስ የሌለበት አጋር የሞላችሁበትን ሁለተኛ ዝርግ አብራችሁ ቅበሩ፤ እሱ ላይ ከበቀለ የሚያፈስ ነገር አለ።

ሜዳው ላይ መቅበር አንመክርም። ወልካ፣ ማለትም ይሄው ጥቁር አፈር፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ከሜምብሬኑ ተላቆ አጋሩን ያደርቀዋል፤ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። አፈሩን በባልዲ አምጡና በጭብጥ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ፣ ውሃ ግን የማያንጠባጥብ አድርጋችሁ አርጥቡት፤ ዝርጉን እዚያ ውስጥ ቅበሩት፤ ክዳኑን ገርበብ አድርጉ።

ከወር በኋላ አጋሩን በንጹሕ መርፌ ገፍታችሁ አዲስ ሳህን ላይ አውጡ። አንዳንዱ አሁን ሳህን ላይም ይለምዳል። ስታፊሎኮከስ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን ላይ ስታስቀምጡት ዙሪያው ጥርት ካለ፣ ማለትም ስታፊሎኮከሱ እዚያ ካልበቀለ፣ ያንን ለዩት፤ መጀመሪያ ግን ቀድሞ የታወቀ መድኃኒት አለመሆኑን አጣሩ።